ዕፅዋት ድርቅን የሚችሉት እንዴት ነው?
ለጥናት ቡድኖችና ለቤተሰብ የቀረበ ትምህርት



ለዘር መግዣ የሚሆን ስጦታ ከምትልኩልን ወገኖች መካከል አንዳንዶቻችሁ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ታቀርቡልናላችሁ። «ዝናብ ለጠፋባቸው ወገኖች የምትገዙት ዘር ስለ ምን ከዚያው ከአካባቢው ይሆናል? በምርምር የተገኘውን፣ በሄክታር ብዙ ኩንታል የሚሰጠውን ዘር ስለ ምን አትልኩላቸውም?» ትሉናላችሁ። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነውና ተገቢ መልስ ያስፈልገዋል። «ገበሬው የሚያውቀው ይሻላል» ብለን በአጭሩ ብንመልስ ሐሰት አይሆንም፤ ነገር ግን ምክንያቱን አይገልጥም። ምክንያቱ ያለው በተክሉ አካል ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ተክል ውሃ ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ፣ የሚያደርገውም ነገር ምን ዋጋ እንደሚያስከፍለው አብረን እናጠናለን። ከዚያ በኋላ ስለ ዘሩ የምንሰጠው መልስ ግልጽ ይሆናል ብለን እናምናለን።

1. የቅጠሉ በር

ብዙዎቻችን ተክል ከአፈር የሚስበውን ውሃ በአካሉ ውስጥ የሚያስቀምጠው ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ሥሩ ከሚስበው ውሃ ከ90 በመቶ የሚበልጠው በቅጠሉ በኩል ተንኖ ወደ አየር ይሄዳል። ይህ ብክነት ይመስላል፤ ግን ምክንያት አለው።

በቅጠል ገጽ ላይ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች አሉ። ተማሪዎቻችን ስቶማታ በሚለው ስማቸው ያውቋቸዋል። ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ለማዘጋጀት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር የሚያስገባው በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው። አየሩ እንዲገባ ቀዳዳው ሲከፈት ግን ውስጥ ያለው ውሃ በዚያው በር ይወጣል። እንግዲህ ተክል ዘወትር በሁለት ነገር መካከል ነው። በሩን ከከፈተ ይመገባል፤ ውሃውን ግን ይከፍላል። በሩን ከዘጋ ውሃውን ያተርፋል፤ ነገር ግን ይራባል።

እያንዳንዱን ቀዳዳ ሁለት ከንፈር የመሰሉ ሕዋሳት ይጠብቁታል። ውሃ ሞልቷቸው ሲወጠሩ ቀዳዳው ይከፈታል፤ ውሃቸው ሲጎድል ይለዝቡና ቀዳዳው ይዘጋል። አፈሩ መድረቅ ሲጀምር በተክሉ ውስጥ አብሲሲክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛል። ይህም ለሕዋሳቱ «ዝጉ» የሚል ትእዛዝ ያህል ነው። በሩ ሲዘጋ ደግሞ ሌላ ችግር ይከተላል። ላብ የሰውን ገላ እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ፣ የሚተነው ውሃ ቅጠሉን ያቀዘቅዝ ነበርና አሁን ቅጠሉ ይግላል። እንግዲህ በድርቅ ጊዜ ተክልን የሚጎዳው ጥም ብቻ አይደለም፤ ራብና ሙቀትም አብረው ይመጡበታል።

2. ሦስት መንገዶች

ዕፅዋት ይህን መከራ የሚያልፉባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም በሦስት ክፍል ልናያቸው እንችላለን። እነርሱም ማምለጥ፣ መቆጠብና መቻል ናቸው።

ማምለጥ ማለት ድርቁ ሳይደርስ ሥራን ጨርሶ ፍሬ መስጠት ነው። ፈጥኖ የሚደርስ ጤፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በወሎና በሐረርጌ ብዙ ገበሬዎች ረጅም ጊዜ የሚወስደውን ማሽላ በሚያዝያ ገደማ ይዘራሉ። የበልጉ ዝናብ ካታለላቸውና ቡቃያው ከጠፋ ማሳውን ገልብጠው በሐምሌ ጤፍ ይዘሩበታል። ጤፉ በቀረው አጭር ዝናብ ይደርሳል። ሆኖም ማምለጥ የራሱ ዋጋ አለው። ዕድሜው አጭር የሆነ ተክል ዝናቡ ቢረዝምለትም በረጅሙ ዝናብ የሚጠቀምበት ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ በጥጋብ ዘመን ምርቱ ረጅም ጊዜ ከሚቆየው ያንሳል።

መቆጠብ ማለት ድርቁ እያለ በአካል ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይጎድል ማድረግ ነው። ማሽላ ሥሩን በጥልቀት ይሰድዳል፤ ቅጠሉንና አገዳውን ሰም በመሰለ ነገር ይሸፍናል፤ ፀሐይ ሲበረታበትም ቅጠሉን ይጠቀልላል። ደግሞም ማሽላ፣ በቆሎ፣ ጤፍና ዳጉሳ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በቅጠላቸው ውስጥ አከማችተው የመጠቀም ችሎታ ስላላቸው በሩን ብዙ ሳይከፍቱ ሊመገቡ ይችላሉ። ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ይህ ችሎታ የላቸውም። በትግራይ የምናውቀው የበለስ ቁልቋል ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ቀን ቀን በሩን ዘግቶ ይውላል፤ አየር የሚቀዝቅዝበትን ሌሊት ጠብቆ ይከፍታል። እንሰት ደግሞ በውሸት ግንዱና ከመሬት በታች ባለው አሚቾው ውሃና ምግብ ያከማቻል። በዚህ ምክንያት ዝናብ ባነሰበት ዓመት እንኳ እንሰት ያላቸው ቤተሰቦች ቆርጠው የሚበሉት አያጡም። ዋጋውስ? የበለስ እድገት አዝጋሚ ነው። እንሰትም እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል፤ ቆጮውም ገንቢ ምግብ ስለሚያንሰው ወተት ወይም ጥራጥሬ ካልታከለበት ልጅን አያሳድግም።

መቻል ማለት ውሃ በእርግጥ ጎድሎም ሳይሞቱ መቆየት ነው። ማሽላ ዝናቡ ሲቋረጥበት እድገቱን አቁሞ ይጠብቃል። የሚያየው ሰው «ይህ አለቀለት» ሊል ይችላል፤ ዝናቡ ሲመለስ ግን ካቆመበት ይቀጥላል። ከሁሉ የሚበልጠው ቻይ ግን ራሱ ዘሩ ነው። በሚገባ በደረቀ የእህል ዘር ውስጥ ያለው ውሃ ከክብደቱ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በውስጡ ያለው ጽንስ ግን በዚህ ድርቀት እንዳለ ለዓመታት በሕይወት ይቆያል። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ እርጥበት አግኝቶ ከጎነቆለና ሥር ካወጣ በኋላ ያ ችሎታ ከእርሱ ይወሰዳል። በአንድ ቀን ዝናብ የበቀለው ቡቃያ ለሦስት ሳምንት ዝናብ ቢያጣ ወደ ዘርነት መመለስ አይችልም። ገበሬው በአንድ ክረምት ሁለትና ሦስት ጊዜ እንዲዘራ የሚገደደው፣ ጎተራውም ከዘር የሚራቆተው በዚህ ምክንያት ነው።

3. ዝግጅቱ መቼ ነው?

በእነዚህ ሦስት መንገዶች ሁሉ አንድ የጋራ ነገር እናገኛለን። ተክሉን የሚያድነው ነገር አብዛኛው የተዘጋጀው ድርቁ ሳይመጣ ነው። ጥልቅ ሥር የሚወርደው አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ነው። እንሰቱ ያከማቸው በዝናቡ ወራት ነው። ጤፉ ፈጥኖ የሚደርሰው በዘሩ ውስጥ ያለ ጠባይ ስለሆነ እንጂ ድርቁን አይቶ ስለ ቸኮለ ብቻ አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ በመጽሐፉ 17ኛ ምዕራፍ ስለ ታመነ ሰው ሲናገር በውሃ አጠገብ ሥሩን የዘረጋ ዛፍን በምሳሌ ያቀርባል። ልብ እንበል፤ ያ ዛፍም ሙቀቱ ይመጣበታል። ከሌላው የተለየው ሙቀት ስላልነካው ሳይሆን ሥሩ አስቀድሞ የት እንደ ደረሰ ነው።

በእርሻ ላይ ይህን በግልጽ የሚያሳዩን በቆሎና ማሽላ ናቸው። በቆሎ ለም መሬትና በቂ ዝናብ ሲያገኝ የሚያስደስት ምርት ይሰጣል። ነገር ግን በሚያብብበት ጊዜ ግድም ባሉት ጥቂት ሳምንታት ድርቅ ቢመታው ከሌላው ጊዜ ሁሉ የባሰ ይጎዳል። ከላይ ያለው ወንዴ አበባ በጊዜው ዱቄቱን ያራግፋል፤ ዱቄቱን መቀበል የነበረበት የእሸቱ ፀጉር ግን ውሃ ስላጣ ዘግይቶ ይወጣል። ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀሩና ገበሬው ፍሬ የሌለው ቆረቆንዳ ይሰበስባል። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ቢመጣ እንኳ የጠፋው አይመለስም።

ከማሽላ ወገን ደግሞ ከኢትዮጵያ የተገኘ አንድ ዓይነት በዓለም ላይ ስሙ ታውቋል። ተመራማሪዎች ከእርሱ ባወጡት ዝርያ ላይ ያዩት ነገር ይህ ነው፤ ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ድርቅ ሲመጣ የሌላው ማሽላ ቅጠል ሲደርቅ የእርሱ ለምለም ሆኖ ይቆያል፤ አገዳውም አይወድቅም። ምሥጢሩ ሲመረመር በወጣትነቱ ቅጠሉን ስለማያበዛ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ቀድሞ እንደማይጨርሰው ታወቀ። ያተረፈውን ውሃ ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ይጠቀምበታል። ዛሬ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ያሉ የማሽላ ተመራማሪዎች ድርቅ የሚችል ዘር ለማውጣት በዚህ ጠባይ ይጠቀማሉ። የዚህ ስጦታ ምንጭ ስማቸው ያልተጻፈ፣ ከዘመን ወደ ዘመን መልካሙን ራስ ከማሳቸው መርጠው ለዘር ያስቀመጡ የአገራችን ገበሬዎች ናቸው።

4. ተክሉ ተረፈ ማለት ሰው ተረፈ ማለት አይደለም

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብን። ድርቅን የቻለ ሁሉ ለሰው ይበጃል ማለት አይደለም።

ጓያን ሁላችንም እናውቀዋለን። ድርቅንም፣ ውሃ የሚተኛበትን ጥቁር መሬትም ይችላል፤ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እርሱ ይቀራል። ነገር ግን በፍሬው ውስጥ ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለ፤ ድርቅ ሲበረታበት መርዙ ሊጨምር ይችላል። በጥጋብ ዘመን ከሌላ እህል ጋር ጥቂት የሚበላው ሰው አይጎዳም። ሌላ እህል በጠፋበት ጊዜ ግን ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግቡ ያደረገው ሰው እግሮቹ ሽባ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የተጎዳውም አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ በሰሜን ወሎ በደላንታ ዳውንት ከድርቅ በኋላ ብዙ ሰዎች በዚህ ተጎድተዋል። ጓያውን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ መብላት ጉዳቱን ይቀንሳል። ዋናው መድኃኒት ግን ሌላው እህል ጨርሶ ሳያልቅ እርዳታ መድረሱ ነው። አንድ ወር የዘገየ የእህል ጭነት ረሃቡ ካለፈ በኋላ የአንድን ወጣት ገበሬ እግር ሊመልስለት አይችልም።

ለጋ ማሽላም እንዲሁ ነው። ድርቅ የመታው ወይም ከድርቅ በኋላ አዲስ የበቀለ ለጋ ማሽላ ከብትን የሚገድል መርዝ ይይዛል። እረኞች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። መኖ ያጣ ሰው ግን በችግር ብዛት ከብቱን ያሰማራበትና የቀረችውን አንዲት በሬ ያጣል። ስለዚህ ከዘር እርዳታ ጋር የከብት መኖ እርዳታ ስንጠይቃችሁ ነገሩን የተለያየ አድርጋችሁ እንዳታዩት እንለምናችኋለን።

5. ስለ አገሩ ዘር

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ። ከሌላ ቦታ የመጣ ዘር በራሱ ክፉ አይደለም። በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ዝናብ ለሚያጥርባቸው ቦታዎች ተብለው የተዘጋጁ ፈጥነው የሚደርሱ ሰብሎች አሉ፤ ገበሬዎች በማሳቸው ሞክረው ሲመርጧቸው እኛም በደስታ እናቀርባለን። ጥያቄው «ዘሩ ምርጥ ነው ወይ?» የሚል ብቻ መሆን የለበትም። «ለየትኛው ቦታና ለየትኛው ድርቅ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ድርቅ በበልግ መጀመሪያ የሚመጣበት ቦታ አለ፤ በክረምቱ መካከል የሚያቋርጥበት አለ፤ በመስከረም ዝናቡ ቀድሞ የሚወጣበት አለ። ለአንደኛው መድኃኒት የሆነ ጠባይ ለሌላው ላይጠቅም ይችላል። ከዚህ የተነሣ በአንድ ቆላ የተመሰገነ ዘር ወደ ሌላ ወረዳ ሲሄድ ባዶ አገዳ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

የገበሬው የራሱ ዘር ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በአንድ ማሳ ውስጥ ቀድሞ የሚደርስ፣ ዘግይቶ የሚደርስ፣ ቁመቱ አጭር፣ ቁመቱ ረጅም ማሽላ ተቀላቅሎ ይታያል። ለማያውቅ ሰው ይህ ግድየለሽነት ይመስለዋል። ገበሬው ግን ዝናቡ በየትኛው ጊዜ እንደሚጎድል ስለማያውቅ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍለት ያደረገው ነው።

ይህን እውነት ቀድመው ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ተቋቋመ፤ ተቋሙ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። እርሳቸው ማዕከሉን በሚመሩበት ዘመን በ1977 ዓ.ም. የሚታወሰው ረሃብ መጣ። የተራበ ቤተሰብ ለዘር ያስቀመጠውን ሲበላ የሚጠፋው የአንድ ዓመት ምግብ ብቻ እንዳልሆነ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ተረዱ። በብዙ ትውልድ የተመረጠው ዘር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የአገሩን ዘር ሰብስበው አስቀመጡ፤ ለገበሬዎችም እንዲመለስ ደከሙ። ስለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

6. እኛስ ምን እናድርግ?

በዘፍጥረት 47ኛ ምዕራፍ በግብፅ ረሃብ ጊዜ ሕዝቡ ወደ ዮሴፍ ቀርበው የጠየቁት እህል ብቻ እንዳልነበረ እናነባለን። ምድሪቱ ባድማ እንዳትሆን ዘርም ጠየቁ፤ ዮሴፍም ሰጣቸው። በዚያው ምዕራፍ ግን ሕዝቡ ከብታቸውን፣ ከዚያም መሬታቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን እንደ ሸጡ ተጽፏል። ይህን ክፍል ስናጠና ሁለቱንም ማየት ይገባናል። ዘር የሌለው ገበሬ ያለውን ሁሉ ሸጦ ዘር ይገዛል። በሬውን ከሸጠ በኋላ ዘር ቢያገኝ እንኳ በምን ያርሳል? እንግዲህ ስጦታችሁ ገበሬው በሬውንና መሬቱን እንደ ያዘ እንዲዘራ የሚያደርግ መሆን አለበት።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንጠብቃለን።

አንደኛ፣ ዘሩ ከመዝሪያው ወር በፊት እንዲደርስ እንደክማለን። ማሽላ በሚያዝያ ለሚዘራበት ቦታ በመጋቢት፣ ጤፍ በሐምሌ ለሚዘራበት ቦታ በሰኔ በገበሬው እጅ መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ የሚደርስ ዘር ለሸክላ ድስት ይሆናል እንጂ ለማሳ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ዘር ብቻውን አንሰጥም። የተራቡ ልጆች ባሉበት ቤት የተቀመጠ ዘር ዘር ሆኖ አይቆይም፤ እናቲቱንም ልንወቅሳት አንችልም። ከዘሩ ጋር እስከ መኸር የሚያደርስ ቀለብ ሊኖር ይገባል።

ሦስተኛ፣ የሚገዛውን ዘር የሚመርጡት በየአጥቢያው ያሉ ገበሬዎች፣ ከእነርሱም ጋር ዘር የሚያጠሩትና የሚያስቀምጡት ሴቶች ናቸው። ለአስቸጋሪ ዓመትም ከአንድ በላይ የሆነ ዘር እንዲመርጡ እናበረታታለን፤ ማሽላው ቢጠፋ የሚተካ ጤፍ፣ ጤፉ ካለፈም በቀረው እርጥበት በጥቁር መሬት ላይ የሚዘራ ሽምብራ እንዲኖር ነው።

ስጦታችሁ ትንሽ መስሎ እንዳይታያችሁ ይህን እንጨምራለን። በአንድ ግራም ጤፍ ውስጥ 3000 ያህል ፍሬ አለ። አንድ ሄክታር መሬት በጤፍ ለመዝራት 25 ኪሎ ግራም ገደማ ይበቃል፤ ለማሽላም 10 ኪሎ ያህል ነው። አንድ ሰው በትከሻው የሚሸከመው ዘር የአንድን ቤተሰብ ዓመት ይለውጣል፤ በጊዜው ከደረሰና ለቦታው የሚስማማ ከሆነ።

ዕፅዋትን የፈጠረ አምላክ ለእያንዳንዱ ድርቅን የሚያልፍበት መንገድ ሰጥቶታል፤ ለሁሉም ግን አንድ ዓይነት አልሰጠም። ረድኤታችንም ይህን ልዩነት እያየ የሚሰጥ እንዲሆን በጸሎታችሁ አስቡን።

ለመወያየት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. ተክል በድርቅ ጊዜ ቅጠሉን ሲዘጋ ምን ያተርፋል? ምንስ ያጣል?

2. ማምለጥ፣ መቆጠብና መቻል በተባሉት መንገዶች ከሚኖሩት ሰብሎች በአካባቢያችሁ ወይም በወላጆቻችሁ አገር የሚዘሩት የትኞቹ ናቸው? ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ጻፉ።

3. ዘፍጥረት 47፥13-25ን አንብቡ። ሕዝቡ ዘር ያገኙት በምን ዋጋ ነበር? የእኛ እርዳታ ከዚያ የሚለየው በምን መሆን አለበት?

4. የቤተ ክርስቲያናችሁ የእርዳታ ገንዘብ በየትኛው ወር ይሰበሰባል? ለመዝሪያው ጊዜ እንዲደርስ ወሩን መለወጥ ያስፈልግ ይሆን? በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ተነጋገሩበት፤ የወሰናችሁትንም ጽፋችሁ ላኩልን።